ደሴ ላይ ወይን ለመቅመስ

ደሴ ላይ ወይን ለመቅመስ ከመሰባሰባችሁ በፊት ስለ ሙቀቱ አስቡ። ከተማችን ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ምሽት ሳሎን የዋለ ጠርሙስ እጅ ያቀዘቅዛል። ቀይ ወይን እንዲህ ሲበርደው ሽታው ይታፈናል፣ አፍ የሚይዘው ጣዕሙ ግን ይበረታል፤ ቀማሹም መራራ ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ቀዩን ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከቀትር ጀምሮ አቁሙት። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው። ለነጩ በረንዳው ይበቃዋል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትቀምሱ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ቀዩም ቢሆን ከመከፈቱ በፊት 20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ይግባ።

ለስድስት ሰው አራት ጠርሙስ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ከየጠርሙሱ 50 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ ከ750ው ከግማሽ በላይ ይተርፋል። እኛ ባለፈው ቅዳሜ የቀመስነው የአገር ውስጥ ወይን ብቻ ነበር፦ ጉደር፣ ነጩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ ቀዩ ሪፍት ቫሊ ሲራ እና መካከለኛ ጣፋጩ ቀይ አካሺያ። ከጉደር በስተቀር ሦስቱ ከዝዋይ የመጡ ናቸው። ስትገዙ በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ ተዉት፤ ቡሹ ወደ ላይ የወጣውንም አትንኩ።

ስሙ ከታየ ምላስ ይታለላል፤ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ውዱን ሳያመሰግን አይቀርም። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንሁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አራት ከረጢት ሰፍቼ ቁጥር ለጥፌባቸዋለሁ። ጋዜጣም ይሆናል። ከመካከላችን አንዷ አልኮል አትጠጣም፤ ጠርሙሶቹን የምትደብቀው፣ የምትቀዳውና የተባለውን ሁሉ የምትጽፈው እርሷ ናት። ከዚህ የተሻለ ዳኛ አላየሁም። ቅደም ተከተሉን የምታውቀውም እርሷ ብቻ ናት፦ ነጩ ከቀዩ በፊት፣ ደረቁ (ስኳርነት የሌለው) ከጣፋጩ በፊት። ጣፋጩ ከቀደመ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ሆምጣጤ ይመስላል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሲሶውን ብቻ ሙሉ። ብርሌ ለጠጅ ይቆይ፤ አንገቱ አፍንጫ አያስገባም። ቀለሙን ለማየት ከሥሩ ነጭ አቡጀዲ አንጥፉ። በቢጫ አምፖል ሥር ቀይ ወይን ሁሉ ቡናማ ይመስላልና አምፖሉ ነጭ ይሁን።

ከመቀዳቱ በፊት ሦስት ስኒ አዘጋጁ፦ አንዱ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውኃ፣ ሁለተኛው ስኳር ያለበት ውኃ፣ ሦስተኛው ስኳር የሌለው፣ ቅጠሉ ሩብ ሰዓት የቆየበት ሻይ። ሎሚው ምራቅ ያመጣል፤ ሻይው ድድና ምላስን ያደርቃል። ይህን የለየ ሰው ወይኑ ኮምጣጣ ይሁን አፍ የሚይዝ ግራ አይገባውም። እኔ ከምመክረው ሁሉ ይህን አትዝለሉ።

ሽታ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አሽከርክሩት፣ አፍንጫችሁን አስገቡ፣ ከዚያ አፋችሁን ሳትከፍቱ ጻፉ። ከውጭ መጽሐፍ ያነበባችሁትን የፍራፍሬ ስም አትፈልጉ፤ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ እንጆሪ፣ ኮክ፣ የረጠበ አፈር ማለት ይበቃል። ነርሷ ጓደኛችን ሦስተኛውን ከረጢት አሽትታ “ቁንዶ በርበሬ፣ ያውም አሁን የተወቀጠ” አለች፤ ወንድሜ ደጋግሞ አሽትቶ ምንም አላገኘም። ከረጢቱ ሲገፈፍ ሲራው ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በሲራ ውስጥ ያገኙት ሮታንዶን የተባለ ንጥረ ነገር በቁንዶ በርበሬም ውስጥ ያለው ነው፤ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ደግሞ ጨርሶ አይሸተውም። እንግዲህ ስለ ሽታ አትከራከሩ።

ቡናው ቅምሻው ካለቀ በኋላ ይፈላ። እንግዳን ያለ ቡናና ያለ ዕጣን መቀበል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን የሚቆላ ቡና ሽታና የዕጣን ጭስ ባለበት ቤት ወይን ማሽተት አይቻልም። ሽቶም ለዚያ ምሽት ይቅር።

መትፋት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ውስጡ የማይታይ ክዳን ያለው ኩባያ ስጡ፤ የፈለገ ዞር ብሎ ይትፋ፣ ያልፈለገ የተረፈውን ይድፋበት። በየመሃሉ ውኃና ጥቁር አዝሙድ የሌለበት ዳቦ ይቅረብ።

ወጡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በርበሬ ደረቅ ቀዩን ያጎመዝዘዋል፤ አዋዜ ካለበት ጥብስ ጋር ሁላችንም የመረጥነው አካሺያን ነው፣ ሽታው ላይ አስቀድመን ዝቅ ያለ ነጥብ ብንሰጠውም። ሲራውን ከአልጫ ጋር ወድጄዋለሁ። ጉደር ከቀይ ሥጋ ጋር፣ ያለ በርበሬ፣ ደህና ነው። ሻርዶኔው ዓሣ ፈልጎ ነበር፤ የሐይቅ ዓሣ ከተገኘ በሚቀጥለው እርሱን እናቀርባለን። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቁሙት፤ ሦስት ቀን ይቆያል።