የግራም ቀለም ስትሠሩ ዓይናችሁ አልኮሉ ላይ ይሁን

ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ ባክቴሪያዎችን በቀለም ለሁለት ወገን የሚለየውን ይህን ዘዴ ለተማሪዎቼ ሳሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ባክቴሪያው ትናንት የተዘራ ይሁን፤ ያረጀ ያሳስታል። ስላይዱ (የማይክሮስኮፕ መስታወቱ) ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በራሱ ይድረቅ፤ ከዚያ ነበልባል ላይ ሁለት ሦስቴ አሳልፉት። ክሪስታል ቫዮሌት (ሐምራዊው ቀለም) አንድ ደቂቃ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፤ በየመሃሉ በውሃ ማለቅለቅ።

አሁን አልኮሉ። ስላይዱን አጋድላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። የሚወርደው ጠብታ ሐምራዊነቱን ሲተው ወዲያው በውሃ እጠቡ። ከበዛ ሁሉም ሮዝ፣ ካነሰ ሁሉም ሐምራዊ ይሆናል። ለዚህ ነው ሐምራዊ መሆን ያለበትን ስታፊሎኮከስና ሮዝ መሆን ያለበትን ኢ. ኮላይ፣ ሁለት የታወቁ ባክቴሪያዎችን፣ ለማመሳከሪያ ጎን ለጎን የምቀባው። ያለ እነሱ ውጤቱን አላምንም።

ሳፍራኒን (ሮዙ ቀለም) አንድ ደቂቃ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፑ ባለ 100 እጥፍ ሌንስ እዩት፦ ሐምራዊው ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዙ ግራም ኔጌቲቭ ነው።