ያገለገለ መኪና ገዝተው አላይመንት ከማሠራትዎ በፊት

መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ፣ ወይም መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ መሪው ተጣሞ ሲቆም፣ አብዛኛው ሰው በቀጥታ የሚሄደው የጎማዎች አቅጣጫ በማሽን ተለክቶ ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ነው። መሄዱ አይቀርም፤ ግን የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። ማሽኑ የጎማውን አቅጣጫ ይለካል እንጂ ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ) መላላቱን ወይም ጎሚኒው (በብረቶቹ መገጣጠሚያ የሚገባው ላስቲክ) መበላቱን አይነግርም። በላላ አካል ላይ የተሠራ አላይመንት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይበላሻል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ በአብዛኛው እዚሁ መንገድ ላይ ለዓመታት የተመታ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው።

በጎማው ንፋስ ይጀምሩ። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ስቲከር በሚለው ልክ ይሙሉ። የፊት ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸውም ዓይነታቸውም አንድ ይሁን፤ ሊሸጥ በተዘጋጀ መኪና ላይ የተገኘውን ጎማ መግጠም የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ጎማው እንዴት እንዳለቀ ይመልከቱ። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ አንሶት፣ መሃሉ ካለቀ ንፋስ በዝቶበት ተነድቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ካምበር ይጠረጠራል፤ ይህም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበሉ ነው። የጥርሱ ጫፍ እንደ መጋዝ ከሾለ ደግሞ ችግሩ ቶ ነው፤ ቶ ማለት የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጫፍ እርስ በርስ መቀራረቡ ወይም መራራቁ ነው። መዳፍዎን በጥርሱ ላይ አግድም ያሻሹ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስላሳ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለስ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማዎቹ ከፊት ከልክ በላይ ተቀራርበዋል። ተቃራኒው ከሆነ ተራርቀዋል። እያንዳንዱ ጎማ ከቀጥታው አቅጣጫ ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢዞር በየኪሎ ሜትሩ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት የሚያልቀው በዚህ ነው።

መኪናው የሚስብ ከሆነ የፊቱን ግራና ቀኝ ጎማ አቀያይረው ይንዱ። መሳቡ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ አላይመንት አያድነውም። ጎኑ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበትን ጎማ ግን እንዲህ ማቀያየር አይቻልም። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነም መጀመሪያ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) ያሠሩ።

አሁን ክሪክ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ አድርገው የፊቱን ጎማ ከመሬት ያንሱ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን አይግቡ። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘው ይወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ የመሪው ቴስቲና ወይም ራኩ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ክፍል) ውስጥ ያለው የዘንጉ መገጣጠሚያ አልቋል። ከላይና ከታች ይዘው ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም የታችኛው ቦል ጆይንት (ጎማውን ከብራቾው ጋር የሚያገናኘው ክብ መገጣጠሚያ) ነው። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉ፤ ፍሬን ተይዞ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። የብራቾውን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) ጎሚኒ በባትሪ ብርሃን ይዩት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከቤቱ ከወጣ ይቀየር። የሚቀየረው ሁሉ ተቀይሮ ሲያልቅ ብቻ ወደ አላይመንት ይሂዱ።

እዚያ ሲደርሱ የሚጠይቁት አራቱም ጎማ እንዲለካ ነው። የፊቱን ብቻ የሚለካ ቤት የኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት) መጣመሙን አያገኘውም፤ የኋላው ወደ ጎን ከገፋ የፊቱ ቢስተካከልም መሪው ቀጥ አይልም። ባለሙያው ምንም ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀው) ሳይፈታ የመጀመሪያውን ልኬት አትሞ ይስጥዎ። ይህን ወረቀት አይተዉት፤ ሻጩ ያልነገረዎት ግጭት ካለ ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሲያነቡት አሃዱን ያስተውሉ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ፣ 0 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ማለት 0.33 ዲግሪ ነው እንጂ 0.20 አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ አሉ። የተመረጠው ሞዴልና ዓመተ ምርትም የእርስዎ መኪና መሆኑን ይዩ። በትንንሽ ቶዮታዎች ድምር ቶ (የሁለቱ ጎማዎች ቶ ሲደመር) ዜሮ አካባቢ ነው፤ የግራና የቀኝ ካምበር ልዩነት ደግሞ ከ45 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። መኪና ካምበሩ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለበት ጎን ይስባል።

በቪትዝና በኮሮላ ከፊት በቀላሉ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን ካምበሩ ከልኩ በግልጽ ከወጣ የተጣመመ ነገር አለ፦ አሞርዛተር፣ ብራቾ ወይም ጎማውን የሚሸከመው ብረት። የተጣመመው ይቀየራል። በእሳት አሙቆ ማቅናትን ወይም የአሞርዛተሩን የብሎን ቀዳዳ በመሞረጃ ማሽን (ሞላ) ማስፋትን አይቀበሉ፤ ብረቱ ይደክማል፣ ብሎኑም ይንሸራተታል። ለትንሽ ልዩነት በዚያው ቀዳዳ የሚገባ ቀጠን ያለ የማስተካከያ ብሎን አለ። ቤትዎ ሆነው በሜትር ማረጋገጥም ይችላሉ፦ መሪውን ቀጥ አድርገው ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በሁለቱም ጎን ይለኩ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ግን አንዱ ጎማ ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ቶ ሲስተካከል አጠገቡ ይቁሙ። መሪው መሃል ላይ ተቆልፎ፣ የቴስቲናው መቆለፊያ ዳዶ ይላላል፣ የራኩ የላስቲክ ሽፋን ከዘንጉ ጋር እንዳይጠማዘዝ ማሰሪያው ይፈታል፣ ከዚያ የግራውም የቀኙም ዘንግ ይዞራል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያዞር ሰው ቁጥሩን በማሽኑ ላይ አረንጓዴ (በልኩ ውስጥ) ያደርገዋል፣ መሪው ግን ተጣሞ ይቀራል። ከሁሉም የከፋው መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ መግጠም ነው፤ ራኩ መሃሉ ላይ ስለማይሆን መኪናው በአንድ ጎን ይበልጥ ይታጠፋል፣ ኤርባግ ያለውም ከመሪው ሥር ያለው የተጠቀለለ ገመድ ሊበጠስ ይችላል።

የሚከተለው ፍተሻ በተለይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ለዞረ ቪትዝ ይጠቅማል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሲመልሱ ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ግማሹ ላይ መሪው ቀጥ ማለት አለበት። ከመቆለፊያ ዳዶው ወዲያ የሚታየው የዘንጉ ጥርስም በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን፣ ልዩነቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይለፍ።

ሲያልቅ መቆለፊያ ዳዶዎቹ መጥበቃቸውን አይተው፣ ሁለተኛውን ወረቀት ተቀብለው ይንዱት። መንገድ ውኃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ስለሚያዘነብል በቀኝ ረድፍ ትንሽ ወደ ቀኝ መሄድ ጥፋት አይደለም፤ መሃል ረድፍ ላይ ይሞክሩት። እዚያም ከሳበ በዚያው ቀን ይመለሱ።