ቲማቲም በደሴ ብርድ፦ በውርጭና በክረምት መሃል

«ደሴ ቲማቲም አይሆንም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይሆናል። ግን እንደ ኮምቦልቻ በፈለጉት ጊዜ ዘርቶ መልቀም የለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች፤ እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ቁልቁለቱን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በሹራቡ ያውቀዋል።

እኛ ጋ ጊዜው ጠባብ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ አለ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ይበረታና ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ቲማቲሙ ማበብም ማፍራትም ያለበት በሁለቱ መሃል ነው። የበልግ ዝናብ ሲጥል ዘር የሚገዛ ሰው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ክረምት ይደርስበታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ብርዱ ሳይወጣ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ነው።

መጀመሪያ ዘሩ። ቶሎ የሚደርስና አጭር የሆነ ይፈለጋል። ሮማ ቪኤፍ የሚባለው በየዘር ሱቁ ይገኛል። ቁመቱ አጭር ነው፣ ፍሬውን ተቀራርቦ ያወጣል፣ ሞቃት አገር ላይ ከተተከለ 75 እስከ 80 ቀን ገደማ ይደርሳል። እኛ ጋ ከዚያ በላይ ይቆያል። ረጅሙን፣ እየተሳበ ለወራት የሚያፈራውን ዓይነት ግን ለደሴ ግቢ አልመክርም። እሱ ሙቀቱን እስኪያገኝ ክረምቱ ይገባል። አጭሩ ዓይነት አንድ ጠባይ አለው፤ ዕድሜው ሲደርስ ትንሽም ቢሆን ያብባል። ልጅነቱን በብርድ ተቆራምዶ ካሳለፈ በኋላ ይካሰኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጥንቃቄው ሁሉ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቲማቲም ዘር ለመብቀል ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። 25 ላይ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። 15 ላይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከ10 በታች አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል። በጥር የደሴ ደጅ ላይ ይህ ሙቀት የለም፤ ማድ ቤት ውስጥ ግን አለ። እኔ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ሥሩን በምስማር በስቼ፣ አፈር ሞልቼ ከምድጃው ትንሽ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ፍሪጅ ያለው ሰው የፍሪጁ አናትም ይሆናል። ምድጃው አጠገብ አታስጠጉት፤ አፈሩ በአንድ ቀን ደርቆ ይሰነጠቃል።

አፈሩ ንጹሕ መረሬ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ መሆን የለበትም። መረሬ ውሃ ይይዛል፣ ብርዱንም አብሮ ይይዛል። ግማሹን የግቢ አፈር፣ ግማሹን በደንብ የበሰለ ፍግና አሸዋ አድርጉት። ፍጉ ካልበሰለ ሥሩን ያቃጥላል። ዘሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቅበሩት።

ብቅ ሲል በዚያው ቀን ወደ ብርሃን ይውጣ። ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን የቆየ ቡቃያ ቀጭንና ነጭ ሆኖ ይመዘዛል። ቀን ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ ማታ ማታ ወደ ቤት። አድካሚ ነው፤ ልጆች ካሉ አንዱን ተረኛ ማድረግ ነው።

ውሃ ጠዋት ብቻ፣ እሱም ለብ ያለ። ማታ ያጠጣችሁት ውሃ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድርና ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ይጠቁራል፤ ችግኙ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። የአፈሩ ላይኛው ገጽ ደረቅ ብሎ ካልታየ አታጠጡ።

አሁን ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። በታች በኩል ወይን ጠጅ ሆኗል? ብዙ ሰው ይደነግጥና ማዳበሪያ ይጨምራል። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ የሚባለውን ምግብ መሳብ ያቅተዋል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። እቃውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንሥታችሁ ጣውላ ላይ ወይም የታጠፈ ጆንያ ላይ አስቀምጡት። ሲሞቀው አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

ችግኙ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ያው የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ነው፣ ማላመድ ይጀመራል። መጀመሪያ ማታ ላይ ትንሽ አምሽቶ ይግባ፣ ቀጥሎ በረንዳ ላይ ይደር፣ ከዚያ ደጅ። ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይበቃል። ይህን የዘለለ ችግኝ በመጀመሪያው ቀን ነፋስ ቅጠሉ ነጭ ይሆናል።

የምትተክሉበትን ቦታ መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ቦሩ ሜዳ አመዳይ ሲነጣ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ምንም ሳይሆን የሚያድረው ለዚህ ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ግቢ ያለው ሰው ከሌላው ሁለት ሦስት ሳምንት መዘግየት አለበት። የእናንተ ግቢ ተዳፋት ከሆነ አጥሩን ልብ በሉ። ከታች በኩል ያለው ድፍን አጥር ብርዱን ገድቦ ያስቀረዋል፤ ከሥሩ ክፍተት ቢኖረው አየሩ ያልፋል። ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ማታ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉና እዩት።

ሲተከል ጉድጓዱን ጥልቅ አታድርጉ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡና ግንዱን ጋደም አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ጫፉ ብቻ ወደ ላይ ይቅና። ቲማቲም ከተቀበረ ግንዱ ሁሉ ሥር ያወጣል፣ የላይኛው አፈር ደግሞ ቀን ቀን ቶሎ የሚሞቀው ነው። አፈሩን በጭድ አትሸፍኑ፤ ጭድ ፀሐዩን ይከለክላል። የጭድ ጊዜ ሚያዝያ ካለቀ በኋላ ነው።

ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት ከማታው ይታወቃል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ ጠርጥሩ። ደመና ካለ ተኙ። በመጋቢት እዚህ ግባ የሚባል ውርጭ ላይኖር ይችላል፤ ግን ቲማቲም ለመጎዳት በረዶ አይጠብቅም፤ ከ10 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። ስለዚህ መሸፈኑ የዘወትር ሥራ ይሁን።

በየችግኙ ላይ ቂጡ የተቆረጠ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ድፉበት፣ ጠርዙን አፈር አስታቅፉት። ክዳኑን ማታ ዝጉ፣ ጠዋት ክፈቱ። ሳይከፈት የዋለ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ይቀቀላል። ችግኙ ከሃይላንዱ ሲበልጥ አራት እንጨት ተክላችሁ ጆንያ ወይም አሮጌ ጋቢ ጣል አድርጉበት፤ ኮባ ያለው ሰው ቅጠሉም ይሠራል። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካው ቦታ ይጎዳል። መሸፈን ያለበት ከመግሪብ በፊት፣ አፈሩ ሙቀቱን ሳይለቅ ነው። ጨለማ ላይ ወጥቶ የሸፈነ ሰው ብርዱን ነው የሚሸፍነው። ጆንያው ውስጥ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ የሞላ ጀሪካን ብታስገቡ ሌሊቱን ያግዛል። ብርዱ የሚጠነክረው ንጋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ለሱብሂ ተነሥታችሁ አትግለጡ። ፀሐይ ግቢው ውስጥ ይግባ።

አፈሩ ረጠብ ብሎ ቢያድር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ውርጭ ባስፈራበት ቀን ጠዋቱን ጥሩ አድርጋችሁ አጠጡ። ኩበት አጭሶ ማደርን በተመለከተ፣ ትላልቆቻችን ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ጭሱ ሙቀት ይዞ አያስቀርም። ኩበቱን ለቡናው አቆዩት።

ግንቦት ላይ አበባ ይመጣል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ሳይቋጠር ሊረግፍ ይችላል፤ ደሴ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሽፋኑን በአበባ ጊዜ የምትተዉት ከሆነ የጥሩ ግድግዳ ሥር ካልሆናችሁ በቀር ፍሬው ያንሳል። እኩለ ቀን ላይ፣ አበባው ላይ ያለው እርጥበት ሲደርቅ፣ ድጋፍ እንጨቱን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የአበባው ዱቄት ይራገፋል። ቅርንጫፉን አትገርዙ። አጭሩ ዓይነት ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ የሚያፈራበት ነው፤ መሬት የነካውን የታች ቅጠል ብቻ አንሡ።

ሰኔ ሲገባ ቅጠል ላይ ውሃ አይፍሰስ፣ ሥሩን ብቻ አጠጡ። ቅጠል ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ከግቢ አውጡ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ዝናቡ ከቀደማችሁ ፍሬው እስኪቀላ አትጠብቁ። ቂጡ ላይ ሮዝ ቀለም ብልጭ ያለው ሁሉ ይለቀም። ካርቶን ውስጥ አንድ የበሰለ ሙዝ አስገብታችሁ ማድ ቤት አስቀምጡት፤ ይቀላል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አይግባ፤ ከ12 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይሞታል፣ አረንጓዴውም መቅላቱን ያቆማል። ካርቶኑን በየሁለት ቀኑ ገልጣችሁ የለሰለሰ ካለ ለወጥ አውጡት።