ላቴክ ውስጥ የጠፉብኝ የአማርኛ ቃላት

ለተማሪዎቼ የፊዚክስ ወርክሺት በላቴክ ላዘጋጅ ተነሳሁ፤ ላቴክ ጽሑፍና ቀመር በትእዛዝ ጽፈን ወደ ፒዲኤፍ የምንቀይርበት ሥርዓት ነው። መጀመሪያ አማርኛውን ጭራሽ አልቀበልም አለኝ። ይሄኛው ቀላል ነበር። ፒዲኤፉን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከፒዲኤፍላቴክ ወደ ዚላቴክ ቀየርኩ፣ ፎንት የሚያስመርጠውን ፎንትስፔክ የሚባል ጥቅል (ተጨማሪ የትእዛዞች ስብስብ) ጨመርኩ፣ ፎንቱን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አደረግኩት። ጽሑፉ መጣ።

ቀመሩ ግን ጉድ አሳየኝ። ፍጥነት እኩል ይሆናል ርቀት ሲካፈል ለጊዜ፤ ይህችን ቀመር በሚጻፍበት በሁለት የዶላር ምልክቶች መሃል፣ ክፍልፋይ በሚሠራው የፍራክ ትእዛዝ ጻፍኳት። ፒዲኤፉ ላይ የቀሩት የእኩል ምልክቱና የክፍልፋዩ መስመር ብቻ! ስህተት አለ ብሎ እንኳን አላስቆመኝም። ግማሽ ቀን ፎንት ስቀያይር ዋልኩ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል ስከፍተው ፊደል እንደጎደለ የሚናገር መስመር በመስመር ላይ ተደርድሯል። ለካ በዶላሮቹ መሃል የሚሠራው የሂሳብ ፎንት ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ሀ ሁን አልቆጠረም።

ኤኤምኤስማዝ የሚባለውን ጥቅል ጠራሁና እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል በቀመር ውስጥ ተራ ጽሑፍ በሚያስገባው የባክስላሽ ቴክስት ትእዛዝ፣ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ አስገባሁት። ሦስቱም ቦታቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ቅንፍ ካነሳን አይቀር፦ ኤክስን ወደ 10ኛ ኃይል ስታነሱ 10ሩም በጥምዝ ቅንፍ ይግባ። አለዚያ 1 ብቻዋን ላይ ትወጣለች፣ 0 መሬት ትቀራለች።