ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ፦ እንዴት መዘጋጀት፣ ምን ብሎ መመለስ

ስማችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ወይም ስልክ ተደውሎ «ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» ከተባላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ቡሬም ይሁን ሞጣ፣ አንድ ክፍት ቦታ ሲወጣ ለመመዝገብ የሚሰለፈውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ተለይቶ መጠራት ቀላል አይደለም። የቀረው ቁጭ ብሎ መናገር ነው። የእኛ ሰው የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው። «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ፣ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ በአጭሩ መመለስ የለመደ ልጅ፣ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የሚያውቀውን ዋጥ አድርጎ ይወጣል። ነጥብ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ያልሰማውን ሊሞላለት አይችልም።

ለዚህ ብሎ ጉረኛ መሆን አያስፈልግም። ራሳችሁን ተዉትና ሥራችሁን ተናገሩ። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ማንም ይላል። «የሱቁን የዱቤ መዝገብ ሁለት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በየወሩ መጨረሻ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር አስታርቄ አስረክብ ነበር» ያለውን ግን ጉረኛ ነው የሚለው የለም፤ ኮሚቴውም የሚጽፈው ነገር አገኘ።

1. ማስታወቂያውን መልሳችሁ አንብቡ

ማስታወቂያው በበኩር ጋዜጣ ይውጣ፣ በር ላይ ይለጠፍ ወይም በቴሌግራም ይለቀቅ፣ ባያችሁት ቀን ፎቶ አንሱት። ቃለ መጠይቁ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከዚያ የሥራ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ወረቀት ላይ ገልብጡና ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን ወይም ይህን የሚመስል ነገር የት ሠርቻለሁ?» ለሚለው መልስ ጻፉ። የት እንደነበር፣ እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳደረጋችሁ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አዲስ ተመራቂዎች «ዜሮ ዓመት ነኝ፣ ምን እናገራለሁ?» ትላላችሁ። ኢንተርንሺፕ የወጣችሁበት ቢሮ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥነት፣ በክረምት ያስጠናችኋቸው የሰፈር ልጆች፣ ቤተሰብ የሚነግደው እህል፣ ሁሉም ይቆጠራል። «እኛ ሠራን» የሚለውን ግን ቀንሱ። የቡድን ሥራ ከነበረ ከቡድኑ ውስጥ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደነበር ለዩ፤ የሚቀጠረው ቡድኑ አይደለም።

2. የምትወዳደሩበትን ቤት እወቁ

ባንክ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ ቅርንጫፉ ግቡና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ምን ዓይነት ቁጠባ አለው፣ ብድር ለማን ይሰጣል፣ የሞባይል አገልግሎቱ ምን ይባላል። ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ከሆነ ጥሬ ዕቃው ምን እንደሆነና ከማን እንደሚገዛ ጠይቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ሥልጣንና ተግባሩን፣ ከመንግሥት ሠራተኞች አዋጁም ስለ ሥነ ምግባር ያለውን ክፍል እዩት፤ ከዚያ መጠየቅ የተለመደ ነው።

3. ሰነድ

ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ቴክኒክና ሙያ ለተማረ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የሥራ ልምድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁንም ጨምሩ። የግል ድርጅት የልምድ ደብዳቤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁና የሥራ ግብር መከፈሉን ካልገለጸ ብዙ ቦታ አይያዝም።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ እዩ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስማችሁ ስቱደንት ኮፒው ላይና መታወቂያው ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የአባት ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፎ ቅጥሩ የተጓተተበት ሰው ጥቂት አይደለም። ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ ከመጠራታችሁ በፊት ጀምሩት። ገንዘብ ያዥነትና ንብረት ክፍል የምትወዳደሩ ደግሞ ዋስ ማን እንደሚሆናችሁ ከወዲሁ አነጋግሩ።

4. ቀኑና ሰዓቱ

ባንኮችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ መልእክት የሚልኩት በእንግሊዝኛ ነው። ጠዋት 9፡00 የሚለው በእኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ ስለሚሆን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ ካጠራጠራችሁ ደውሉና ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። ከወረዳ የምትመጡ ከሆነ ዋዜማውን ግቡ፤ መንገድ ድንገት ሊዘጋ፣ መኪና ሳይሞላ ሊያረፍድ እንደሚችል ጎጃም ለኖረ ሰው አይነገርም። መንገድ ከተዘጋ በመልእክት አሳውቁና ሌላ ቀን ጠይቁ፤ ዝም ብሎ መቅረት ግን እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

ልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን፣ ይበቃል። የተዋሱትን ሙሉ ልብስ ለብሶ በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ላብ በላብ መሆን ምንም ነጥብ አያስገኝም። በክረምት ጫማ የምትጠርጉበት ጨርቅ ያዙ።

5. ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ

በልብ ማነብነብ ልምምድ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ቢሮ የሠራ ወይም ጡረታ የወጣ መምህር አይጠፋም፤ «ጋሼ፣ እስቲ እንደ ኮሚቴ ሆነው ይጠይቁኝ» በሉት። ካልሆነ ስልካችሁ ላይ ቅዱና ስሙት። ድምፃችሁ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲጠፋ፣ «ማለት ነው» ሲበዛ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ስለ ራሳችሁ የምትናገሩትን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጁ፤ በአማርኛ የተጀመረ ጥያቄ መሃል ላይ «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ሊመጣ ይችላል።

6. ክፍሉ ውስጥ

ስልክ አጥፉ፣ አንኳኩ፣ ሰላምታ ስጡ፣ «ተቀመጥ» ወይም «ተቀመጪ» ሲሏችሁ ተቀመጡ። ሁሉንም «እርስዎ» በሉ፣ ከእናንተ የሚያንስ ቢመስላችሁም። ስትመልሱ ጠያቂውን እዩት፤ አንገት መድፋት አክብሮት መሆኑን ሁሉም ኮሚቴ ላይረዳው ይችላል፤ አንዳንዱ ፍርሃት፣ አንዳንዱ መደበቅ ያደርገዋል። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይቅርታ፣ ቢደግሙልኝ» ማለት አያስቀንስም።

7. የማይቀሩት ጥያቄዎች

*«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን።»* ብዙ ሰው ከተወለደበት ቀበሌ ጀምሮ አንደኛ ደረጃ የት እንደተማረ፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳለው ይዘረዝራል። ይህ ሲቪው ላይ አለ፣ ወይም አያስፈልግም። የአካውንቲንግ ተመራቂ የሆነች ልጅ ለገበሬዎች ዩኒየን ሂሳብ ሠራተኛነት ብትወዳደር እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ዘንድሮ ተመርቄያለሁ። ኢንተርንሺፕ የወጣሁት ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የወጪ ሰነዶችን ከደረሰኝ ጋር እያመሳከርኩ በየቀናቸው አስቀምጥ ነበር። እናቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ እህል ትነግዳለች፤ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ መዝገቧን የምይዘው እኔ ነኝ። ገበሬ እህሉን ሲያስረክብ ሚዛኑም ሂሳቡም ፊቱ እንዲነበብለት እንደሚፈልግ እዚያ አይቻለሁ። ዩኒየኑም ከገበሬ ጋር የሚሠራ ስለሆነ ሥራው እንግዳ አይሆንብኝም።»

አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ጎበዝ ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። መጨረሻው ላይ ወደ ሥራው መመለሱን ልብ በሉ፤ ኮሚቴው ቀጣዩን ጥያቄ ከዚያው ይመዝዛል፣ እሷም የምታውቀውን ትጠየቃለች።

*«ድክመትህ ምንድን ነው?»* «ሥራ አብዝቼ እወዳለሁ» አትበሉ። ኮሚቴው ጠዋት ብቻ አምስት ጊዜ ሊሰማው የሚችል መልስ ነው። እውነተኛ ግን ለሥራው ዋና ያልሆነ ነገር ምረጡ፣ ምን እያደረጋችሁበት እንደሆነም ጨምሩ፦ «ሰው ፊት ቆሞ ማቅረብ ያስፈራኝ ነበር፤ አራተኛ ዓመት ላይ የቡድናችንን ሥራ ሆን ብዬ እኔ አቀረብኩ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ግን ተዘጋጅቼ እገባበታለሁ።»

*«በቀኑ መጨረሻ ገንዘብ ቢጎድልብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»* ባንክና ገንዘብ ያዥነት ላይ የሚመጣ ነው። ጨዋ ልጅ ቶሎ ብላ «ከኪሴ እተካለሁ» ትላለች፤ ታማኝነቷን ያሳየች ይመስላታል። መልሱ ግን ስህተት ነው፤ ጉድለትን በዝምታ መሸፈን ስለሆነ። «እንደገና እቆጥራለሁ፣ የዕለቱን ሰነዶች አንድ በአንድ አመሳክራለሁ፣ ካልተገኘ በዚያኑ ዕለት ለአለቃዬ አሳውቄ እንዲመዘገብ አደርጋለሁ» በሉ። ትርፍ ሲገኝም ያው ነው። ንብረት ክፍል፣ ፋርማሲ፣ ሱቅ፣ የትም ብትወዳደሩ የዚህ ጥያቄ ወንድም ይኖራል፣ የመልሱም አካሄድ አይለወጥም።

*«ገጠር ቅርንጫፍ ብንመድብህስ?»* ሁሉም «የትም» ይላል፣ ከዚያ በወሩ ዝውውር ይጠይቃል፤ ኮሚቴውም ይህን ያውቃል። መሄድ የምትችሉ ከሆነ ምክንያት ስጡ፤ ገጠር አድጋችሁ ከሆነ ያ ራሱ ብልጫ ነው። የታመመ ወላጅ የምታስታምሙ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ።

*«የቀድሞ ሥራህን ለምን ለቀቅህ?»* አለቃችሁን አትሙት። ባሕር ዳር ሰፊ ብትመስልም ሰው በሰው ይተዋወቃል፤ ያማችሁት ሰው የጠያቂያችሁ አማች ሊሆን ይችላል። «የተሻለ ኃላፊነት ፈልጌ» በቂ ነው፣ እውነት ከሆነ።

*«ልታገቢ አስበሻል? ልጅስ?»* ለሴቶች ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፣ መቅረብም አልነበረበትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃድም ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ብሎ ደንግጓል። ክፍሉ ውስጥ አዋጅ መጥቀስ ግን ሥራውን አያመጣም። «የግል ሕይወቴ ሥራዬን አያስተጓጉለውም፤ ኢንተርንሺፕ ላይ አንድም ቀን አልቀረሁም» ብላችሁ ወደ ሥራው መልሱት፣ እውነቱ ያ ከሆነ።

*«ደመወዝ ስንት ትጠብቃለህ?»* የመንግሥት ከሆነ በስኬል የታወቀ ስለሆነ አይከራከሩበትም። የግል ከሆነ «እናንተ ያላችሁትን» አትበሉ፤ ያሏችሁን ይሰጧችኋል። ተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ቀድማችሁ ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ በሉ። የምትጠሩት ቁጥር ያልተጣራው መሆኑን አትርሱ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 12,000 ብር ደመወዝ እንዲህ ይቀነሳል፦ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፤ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፤ ቀጣዩ 3,000 በ25 በመቶ 750፤ የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600። ድምሩ 2,250 ብር ነው። የጡረታ 7 በመቶ 840 ብር ሲወጣ እጅ የሚገባው 8,910 ነው። ቤት ኪራይና ትራንስፖርት አስባችሁ የምትወስኑት በዚህኛው ቁጥር ነው።

*«ጥያቄ አለሽ?»* «የለኝም» አትበሉ። «በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ መደብ በዋናነት የሚጠበቀው ምንድን ነው?» አንድ ጥያቄ ይበቃል።

8. ከዚያ በኋላ

«ቦታው ለሰው የተያዘ ነው» የሚል ወሬ በር ላይ ስትጠብቁ ትሰማላችሁ። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው፣ መካድ አይቻልም። ግን የትኛው እንደተያዘ በሩ ላይ ቆማችሁ አታውቁም፤ ተዘጋጅታችሁ ግቡ። «ላስገባህ እችላለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቃችሁ ግን አትስጡ፤ አብዛኛው አጭበርባሪ ነው፣ ያልሆነውም ጉቦ ነው።

ተቀጠራችሁ ከተባላችሁ፣ የግል ድርጅት ከሆነ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ከላይ በጠቀስነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። የጽሑፍ ውል ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙና የሚጀመርበት ቀን በአፍ ከተነገራችሁ ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ ፈርሙ፣ አንዱን ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።