የተጣበቁት ሴሎች ለምን ይጠፉ ነበር፣ እንዴትስ ተስተካከለ?

ደብረ ማርቆስ ሆኜ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በምሠራው የሰው ሠራሽ ሕይወት ማስመሰያ ውስጥ ሴሎቹ ይጣበቃሉ፤ ግን በነጠላዎቹ ተሸንፈው ይጠፋሉ። መሃል ያሉት ምግብ አይደርሳቸውም፤ ዳር ያሉት ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ለራሳቸው መራቢያ ያውሉታል።

መጀመሪያ የተያያዙ ጎረቤቶች በየዙሩ የኃይል ልዩነታቸውን አንድ አሥረኛ እንዲካፈሉ አደረግሁ፤ እንደ አገራችን ደቦ ጉልበቱ ወደ ጎደለበት ይሄዳል። (ከዚህ ብዙ ከፍ ከተደረገ ቁጥሮቹ መዋዠቅ ይጀምራሉ።)

ዋናው ለውጥ ግን መራባት ላይ ነው፦ እያንዳንዱ አዲስ አካል (የተጣበቁ ሴሎች ስብስብ) ከአንድ ሴል ብቻ ይጀምራል። ስለዚህ የአካሉ ሴሎች በዘር አንድ ናቸው፤ ለራሱ ብቻ የሚበላ ሚውታንት (ዘሩ የተለወጠ ሴል) ቢነሳም ልጆቹ እርሱን የመሰሉ ሆነው፣ አካላቸው በረሃብ ይወድቃል። በጣም ደስ ያለኝ ይህ ነው።

የሥራ ክፍፍሉን ከቮልቮክስ ካርቴሪ ወሰድሁ፤ ይህ አልጌ ወደ 2,000 የሚዋኙና 16 ገደማ የሚራቡ ሴሎች አሉት። አሁን በእኔም ማስመሰያ ዳር ያሉት ይዋኛሉ፣ ውስጥ ያሉት ይራባሉ።