ዓሣው በረሃብ አይሞትም፦ የቤት አኳሪየም ውሃ እንዴት ይመጣጠናል?

ባሕር ዳር ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ቤት ስትገቡ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ቅሬታ አንድ ነው። «ገንዳውን እስኪያብረቀርቅ አጥባለሁ፣ ምግብ አላጓድልም፣ ዓሣዎቹ ግን ይሞቱብኛል።» ቅር አይበላችሁና፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸው እጥበቱና ምግቡ ራሱ ነው። የቤት ዓሣ በረሃብ ሲሞት እምብዛም አይታይም። የሚያልቀው በጥጋብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው በልቶ ያወጣውም፣ ሳይበላ ጠጠር ውስጥ የቀረውም ምግብ መጨረሻው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ካልበዛ ያን ያህል አይጎዳም። እንግዲህ የእናንተ ሥራ ባክቴሪያዎቹን ማኖርና ናይትሬቱ እንዳይከመር መጠበቅ ነው።

1. መጀመሪያ ባክቴሪያ፣ ከዚያ ዓሣ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን ገዝቶ ቤት መግባት መጨረሻው አያምርም።

ገንዳውን በውሃ ሞልታችሁ ማጣሪያውን አስነሱ። በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት። የሚበላው ዓሣ የለም፤ እንዲበሰብስ ነው። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ገብተው ናይትሬት ብቅ ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ ማሞቂያ የሚጀምር ሰው ትዕግሥቱን ያብዛ።

አቋራጭ ከፈለጋችሁ፣ የቆየ ገንዳ ያለው ጓደኛ ፈልጋችሁ ያገለገለ ስፖንጅ ለምኑት። በራሱ ገንዳ ውሃ እንደራሰ በላስቲክ ይዛችሁ ቶሎ ማጣሪያችሁ ውስጥ ክተቱት። በጠርሙስ ከሚሸጠው ባክቴሪያ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

2. በዓይን አትፍረዱ፣ ለኩ

ኩልል ያለ ውሃ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ አሞኒያ ቀለም የለውም። መለኪያ ኪት ያስፈልጋል። ከወረቀቱ ይልቅ በጠብታ የሚሠራው ይሻላል። ውሃውን ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ፣ ጠብታውን አንጠብጥቡ፣ መመሪያው ያለውን ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያዩ። በማታ አምፖል ሥር ቢጫውና አረንጓዴው ይምታታል። የናይትሬቱን ጠርሙስ ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊት በደንብ ናጡት። ታች የሚዘቅጥ ነገር ስላለው ሳይናጥ ከተንጠባጠበ ውጤቱ ከእውነተኛው ያንሳል።

አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ 40 ካለፈ ግን እርምጃ ውሰዱ። ይህ ለጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ኮራል የሚባሉትን የባሕር እንስሳት የሚያኖሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ነው የሚፈልጉት፤ ግን እነሱም ጭራሽ ዜሮ እንዲሆን አይፈልጉም፣ ኮራሉ ምግብ ያጣልና።

3. እጃችሁን ከምግቡ ሰብስቡ

ዋናው ይሄ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ስጡ። የተረፈውን በመረብ አውጡ። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ ምንም አይሆኑም። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ የሚጥሉ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ፣ የምግቡን ቆርቆሮ እናንተ ያዙት። ዓሣ እኮ ሰው ባየ ቁጥር አፉን ከፍቶ ይመጣል፤ ልጆቹ ደግሞ ያዝናሉ።

ምግብ መቀነስ ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር እንየው። 80 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ አላችሁ እንበል። በየሳምንቱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለትም ሩቡን ትቀይራላችሁ። ምግቡ በሳምንት 10 ሚሊግራም ናይትሬት በሊትር የሚጨምር ከሆነ፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወጥቶ 40 ላይ ይቆማል። 40 ሲደርስ ሩቡን ስትቀይሩ 30 ይሆናል፣ በሳምንቱ ተመልሶ 40። ምግቡን በግማሽ ብትቀንሱ 20 ላይ ይቆማል። ምግቡን ሳትነኩ ያው 20 ላይ ለመድረስ ግን በየሳምንቱ ሁለት ጀሪካን መቀየር አለባችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለተኛውን ጀሪካን ከየት ታመጡታላችሁ? ይህ ስሌት የሚሠራው የምትጨምሩት ውሃ ራሱ ናይትሬት ከሌለው ነው። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ለኩት።

4. ውሃ አቀያየር

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም አይምርም። ውሃውን በአፈ ሰፊ ባልዲ ቀድታችሁ ክዳኑን ሳትገጥሙ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት። በረኪናም ሆነ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ይሁን። ከቤቱ ሙቀት ጋር ሲስተካከል፣ በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻውን እየሳባችሁ አሮጌውን አውጡ፣ አዲሱን በዝግታ ጨምሩ።

ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አትገልብጡ። ስፖንጁንም ከቧንቧ ሥር አትጠቡት፤ ባወጣችሁት አሮጌ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቡናማ ሆኖ መቅረቱ አያሳስባችሁ። የወጣውን ውሃ ለጌሾው ወይም ለሎሚው አጠጡት፤ ናይትሬት ለተክል ማዳበሪያ ነው።

5. ፒኤች ድንገት ሲወርድ

ፒኤች የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ሆኗል ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ የሚያረግበውን የውሃውን ካርቦኔት ይበላሉ። ካርቦኔቱ ሲያልቅ ፒኤቹ ይወድቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራ ያቆማሉ። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ አለ። ትንሽ ቁራጭ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት። አጥባችሁ አንድ እፍኝ ጠጠሩን ማጣሪያው ውስጥ ክተቱ፤ በዝግታ እየሟሟ ለውሃው ካርቦኔት ይመልሳል። ለጉፒና ለወርቃማ ዓሣ ይስማማል። ገንዳው ውስጥ አሞኒያ እያለ ግን ፒኤች በድንገት ከፍ አታድርጉ። ፒኤች ሲጨምር አሞኒያው ይብሱን ይመርዛል።

6. አየር፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ ከሚፈቅደው ያነሰ ዓሣ አኑሩ፤ የአየር ፓምፑም ሌት ተቀን ይሥራ።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌለ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ። ለሰዓታት ከቆየ፣ መብራቱ ሲመለስ ክዳኑ የሚገጠም ዝግ ማጣሪያ ውስጥ የታፈነውን ውሃ ደፍታችሁ ነው ማስነሳት ያለባችሁ።

7. አረንጓዴው ሲመጣ

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ናይትሬትና ፎስፌት የሚባለው ሌላው የተክል ምግብ በዝቷል፣ ብርሃኑም ረዝሟል ማለት ነው። ገንዳውን ከመስኮት አርቁ፣ አምፖሉን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አታብሩ፣ ቶሎ የሚያድግ የውሃ ተክል ጨምሩ። ጣና ላይ እምቦጭ እንዲያ የሚንሰራፋው ከማሳና ከከተማ በሚገባው ንጥረ ነገር እየተቀለበ ነው፤ የእናንተም ገንዳ በትንሹ እንደዚያው ነው።

እምቦጩን ራሱን ግን ለማጣሪያነት ብላችሁ ቤት አታምጡ። የሰለቻችሁን ዓሣ ወይም ተክልም ወደ ጣናም ሆነ ወደ ዓባይ አትልቀቁ። ሐይቁ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዓሣውን የሚፈልግ ጎረቤት አይጠፋም፤ ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቁትና ጣሉት።